ጃንዋሪ አንድ

ዓርብ ነው፣ አፉላ፤ ሰንበት ልትገባ ሦስት ሰዓት ሲቀራት፣
ጎረቤቴ የሚቆላው የሱፍ ፍሬ ሽታ ሱቄን ሞልቶት ሳለ፣
ጋሽ እምቢያለ መጡ፤ ያረጀ ላፕቶፕ በፎጣ ጠቅልለው፣
እንደታመመ ልጅ ደረታቸው ላይ አስደግፈው።

«ትርንጎ፣ ይኼ ነገር ቀኑ ጠፍቶበታል።
ማታ አስተካክዬለት አድራለሁ፤ ጧት ስከፍተው ረስቶታል።
የጡረታዬን ቅጽ ልሞላ ብል ቢቱዋሕ ለኡሚ በሩን ዘጋብኝ፤
‹ሰዓትህ ልክ አይደለም› አለኝ።»
ሳቁ።
«እሱስ አልዋሸም። የኔ ሰዓት መቼ ልክ ሆኖ ያውቃል?»

ከመክፈቻው ጋር ኤፍ ሁለትን ደጋግሜ ነካሁ፤
ዊንዶውስ ዓይኑን ሳይገልጥ ቀድሜው ገባሁ።
ሰማያዊ ገጽ፣ ነጭ ፊደል፤ ማውስ የማይደርስበት አገር፣
በቀስት ብቻ የሚኬድበት፣ ቁልቁል፣ ሽቅብ፣ መንደር ለመንደር።

«ምንድን ነው ይኼ?»
«ባዮስ ነው ጋሼ። ማሽኑ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያስበው።
እጄ የት አለ፣ ዓይኔ የት አለ ይላል፣ ሚሞሪውን ይቆጥራል፣
ዲስኩን በስሙ ይጠራል፤ ‹አለሁ› ሲለው
ቤቱን ያስረክበውና ዘወር ይላል።»
«እኔስ? ጉልበቴን ሳልቆጥር ካልጋ ወርጄ አላውቅም።»

ቀኑ ጋ ደረስኩ።
ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ። ሰዓቱ ዜሮ ከዜሮ።

ጋሽ እምቢያለ ዝም አሉ። ከደረት ኪሳቸው
ሰማያዊ ልባስ ያለውን መታወቂያ አውጥተው
ከስክሪኑ አጠገብ አስጠጉት።
«እይ፤ መንትያዬን አገኘሁት።»

የትውልድ ቀን፦ ጃንዋሪ አንድ።

«ጸሐፊዋ ‹መቼ ተወለድክ?› አለችኝ።
ሁለተኛው አንበጣ በመጣ ዓመት፣ ሽምብራ ሲዘራ፣
ወንዝ ሞልቶ አዋላጇ ማዶ የቀረች ለት፣ አልኳት።
አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ።
እሷ ቀና ሳትል ጻፈች።
ባንድ አውቶቡስ የመጣን አርባ ሁለት ሰው
ባንድ ሌሊት ተወለድን። ምን ዓይነት ምጥ ነው!»

ምን ልበላቸው? ማሽን ቀኑ ሲጠፋው
ፋብሪካው የሰጠውን ይዞ እንደሚነሣ ነገርኳቸው።
ስድስት ብሎን ፈታሁ። ባትሪው ያንድ ሸቅል ያህል ነው፤
ለካሁት፤ ሦስት ቮልት መሆን የነበረበት አንድ እንኳ አይሞላም።
«ይኼ ነው ሲረሳ የኖረው?»
«እሱ ነው። ማሽኑ ጠፍቶም ሰዓቱን የሚጠብቅለት።»
አዲሱን አስገባሁ። አሮጌውን አልጣልኩትም፤ ኪሳቸው ከተቱት።

ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ሞላሁ። ዐሥራ ሦስት ከሃያ።
«ሰባት ከሃያ አይደል እንዴ? ባማርኛ አይሆንልሽም?»
«አይቀበልም ጋሼ።»
«ግድ የለም። ስድስቷን እኔ እቀንሳለሁ፤
ሠላሳ ዓመት ስቀንስ ኖሬያለሁ።»

ከታች ጠየቀ፦ ለውጡ ይቀመጥ? አዎ። አይ።
«ይጫኑት ጋሼ፣ አዎ የሚለውን።»
«እምቢያለ ብለው ስም ያወጡልኝ፣ ይኸው አዎ ስል አረጀሁ»፤
ቁልፉን ሚስማር እንደሚመታ ሰው መቱት።

ቅጹ ተከፈተ። ስማቸው፣ አድራሻቸው፣ ሁሉም ነጭ ሳጥን፤
የትውልድ ቀኑ ግን ግራጫ፤ ከመዝገቡ ራሱ ሞልቶት መጥቷል።
ጠቋሚውን አስገባሁ፤ አይገባም።
እንደገና ሞከርኩ።
«ተይው፣ ልጄ። ሱቅሽን ዝጊ።»

ፎጣውን ጠቀለሉ። ደፍ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና፣
«ሽምብራ የሚዘራው በፈረንጅ መቼ ይሆን?»
«ኦክቶበር መሰለኝ።»
«መሰለኝ ይበቃል። ጻፊልኝ።»

በደረሰኙ ጀርባ ጻፍኩላቸው፦ ባትሪ፣ ዐሥር ሸቅል።
እምቢያለ። ሽምብራ ሲዘራ።